የተናቀው፣ የናቀውና ዝም ያለው ልጅ
በትምህርት ቤት ጉልበተኝነት ስለሚጎዱ አዳጊዎች ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ የጥናት ጽሑፍ

መግቢያ

በሐረር በር በኩል ወደ ጀጎል ገብቶ ዋናውን መንገድ የተከተለ ሰው የሚደርሰው ፈረስ መጋላ ነው። ስሙ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ ፈረስ የሚሸጥበት ስፍራ ባይሆንም መገናኛነቱን አልተወም፤ ባጃጁ፣ ነጋዴው፣ መንገደኛውና ምእመኑ ይተላለፉበታል፤ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ አደባባይ ይገኛል። ተማሪዎች በሚለቀቁበት ሰዓት ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ የሚናገሩ ልጆች በአንድ መንገድ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ያልፋሉ። የጀጎል ግንብ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የከተማይቱ ሕዝብ ተቻችሎ የመኖር ልማድም ከግንቡ ያላነሰ ቅርስ ነው።

ይሁን እንጂ በዚሁ የተማሪ ሰልፍ ውስጥ አጭሩን መንገድ ትቶ በጠባቡ የጀጎል መተላለፊያ ዞሮ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ ሊኖር ይችላል። የሚሸሸው መኪና አይደለም፤ እኩያዎቹን ነው። በየማለዳው ሆዷን እንደሚያማት የምትናገር፣ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ግን ሕመም ያልተገኘባት ልጅም ልትኖር ትችላለች። እንዲህ ያሉ ልጆች በየአጥቢያው አሉ። ወላጆች ጉዳዩን "የልጆች ጨዋታ" ብለው ያልፉታል፤ መምህራን ክፍሉ ብዙ ልጅ የሞላበት በመሆኑ አያዩትም፤ ካህናትም ማንም ስላልነገራቸው አያውቁትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳዩ ከጨዋታ የተለየ መሆኑን ማስረዳት፣ በልጆች ለራስ የሚሰጥ ክብር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማሳየትና አጥቢያው ሊፈጽመው የሚችለውን ተግባር ማመልከት ነው።

ጉልበተኝነት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ልጆች ይጣላሉ፤ ይታረቃሉም። ሁለት እኩል ጉልበት ያላቸው ልጆች በኳስ ቢጋጩ ጉልበተኝነት አይባልም። በኖርዌይ ይኖር የነበረው የሥነ ልቡና ሊቅ ዳን ኦልቬውስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባደረገው ጥናት ሦስት መለያዎችን አስቀምጧል። አንደኛ፣ ድርጊቱ ለመጉዳት ታስቦ የሚፈጸም ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚቀር ሳይሆን የሚደጋገም ነው። ሦስተኛ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል የኃይል አለመመጣጠን አለ፤ የሚጠቃው ልጅ ራሱን መከላከል ይቸገራል። ኃይል የተባለው የክንድ ጉልበት ብቻ አይደለም። የጓደኛ ብዛት፣ የወላጅ ሀብት፣ ቋንቋን አቀላጥፎ መናገር፣ በዕድሜ መብለጥ፣ የሌላውን ምሥጢር ማወቅ ሁሉ ኃይል ነው።

መልኩም ልዩ ልዩ ነው። መምታትና ደብተር መቅደድ በዓይን ይታያል። የቅጽል ስም ማውጣት፣ በአነጋገር መሳቅ፣ ገንዘብ አምጣ እያሉ ማስፈራራት በጆሮ ይሰማል። ማግለል ግን አይታይም፤ አይሰማምም። ልጅቱ ስትቀመጥ ሌሎቹ ከወንበሩ ቢነሡ ማንም ምንም አላለም፤ እርሷ ግን የተነገራትን ሰምታለች። በዘመናችን ደግሞ ስልክና ቴሌግራም ስለ ተጨመሩ ከትምህርት ቤት በር መውጣት ከስድቡ መውጣት አልሆነም። ድርጊቱ እስከ መኝታ ይከተላል።

ችግሩ የአንድ ከተማ ወይም የአንድ ሀገር ብቻ አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ መረጃ በተሰበሰበባቸው የዓለም ሀገሮች ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ያህል በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእኩያዎቹ መጠቃቱን አስታውቋል። ይህንን ቁጥር የምንጠቅሰው ማንም አጥቢያ "ይህ በእኛ ዘንድ የለም" ብሎ እንዳያልፍ ነው።

ለራስ የሚሰጥ ክብር ምንድር ነው?

ለራስ የሚሰጥ ክብር ማለት ሰው በልቡ ስለ ራሱ ያለው ግምት ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ሞሪስ ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 ይህንኑ ለመለካት አሥር አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን አዘጋጅቶ ነበር፤ መለኪያው እስከ ዛሬ በብዙ ሀገሮች ይሠራበታል። የዐረፍተ ነገሮቹ ፍሬ ሐሳብ "እኔ ከሌሎች እበልጣለሁን?" የሚል ሳይሆን "እኔ ከሌሎች ጋር እኩል ዋጋ ያለኝ ሰው ነኝን?" የሚል ነው። ይህ ልዩነት ሊስተዋል ይገባል። ራስን ማክበር ትዕቢት አይደለም። ትዕቢት ሌላውን ዝቅ ሳያደርግ መቆም አይችልም፤ ራሱን የሚያከብር ግን ሌላው ከፍ ቢል አይጨነቅም። እንግዲህ ትሕትናን የምናስተምር ሁሉ ይህን ለይተን ማስተማር ይኖርብናል። ራሱን እንደ ትቢያ የሚቆጥር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትሑት አይደለም፤ የቆሰለ ነው።

የአፍላነት ዕድሜ ለዚህ ቁስል የተጋለጠ ነው። ሕፃን ሳለ የወላጁ ፊት መስተዋቱ ነበረ። ከአሥራ ሁለትና ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ግን መስተዋቱ የእኩያዎቹ ፊት ይሆናል። ድምፁ ይጎረንናል፤ ሰውነቱ ይለወጣል፤ "እኔ ማን ነኝ?" ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ በየቀኑ "አንተ ከንቱ ነህ" የሚል መልስ የሚሰማ ልጅ፣ ከጊዜ በኋላ ሌላ ሰው ሳያስፈልገው ለራሱ ይነግረዋል። የጉልበተኝነት ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ የውጭው ስድብ የውስጥ ድምፅ ይሆናል።

ሦስቱ ወገኖች

ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ልጆች ብቻ ይታዩናል። በፊንላንድ ክሪስቲና ሳልሚቫሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት ግን ጉልበተኝነት የመላው ክፍል ጉዳይ መሆኑን አሳይቷል። አጥቂውን የሚረዱ፣ እየሳቁ የሚያበረታቱ፣ ዳር ቆመው ዝም የሚሉና ለተጠቂው የሚቆሙ ልጆች አሉ።

የሚጠቃው ልጅ ጉዳቱ ግልጽ ነው። ውጤቱ ይቀንሳል፤ ከሰው ይርቃል፤ ትምህርቱን እስከ መተው ይደርሳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጥፋቱን በራሱ ላይ ማድረጉ ነው። "የሚመቱኝ ደካማ ስለ ሆንሁ ነው፤ የሚስቁብኝም የሚያስቅ ነገር ስላለኝ ነው" ይላል። ስለዚህም አይናገርም፤ መናገር ለእርሱ ኀፍረቱን በአደባባይ ማስጣት ይመስለዋል።

ስለ አጥቂው ልጅ በብዙ ሰው ዘንድ የሚነገር አንድ አባባል አለ፤ "ጉልበተኛ ሁሉ በውስጡ ራሱን የሚንቅ ነው" ይባላል። ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። የኦልቬውስም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ብዙ አጥቂዎች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ዝቅተኛ አይደለም። ይልቁንም ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ነገር ግን መሠረቱ የማይጸና ግምት ያላቸው አሉ። ክብራቸው በሌላው ፍርሃት ላይ የቆመ ስለ ሆነ በየቀኑ አዲስ ፍርሃት ይፈልጋል። እንዲህ ላለው ልጅ ምስጋና መጨመር መድኃኒት አይሆነውም፤ የሚያስፈልገው ሌላ የክብር ምንጭ ነው። በቤቱ የሚደበደብና በትምህርት ቤት የሚደበድብ፣ ተጠቂም አጥቂም የሆነ ልጅ ደግሞ አለ። ከሁሉም ወገን የበለጠ የሚጎዳው እርሱ ነው፤ ሰዎች የሚያዩት ግን ጥፋቱን ብቻ ስለ ሆነ ከሁሉ ያነሰ ርኅራኄ ያገኛል።

ሦስተኛው ወገን ዝም ያለው ነው። በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በካሜራ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ እኩያ ጣልቃ በገባ ጊዜ ከግማሽ በሚበልጡት አጋጣሚዎች ጥቃቱ በአሥር ሰኮንድ ውስጥ ቆሟል። ይህ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ትልቅ ትምህርት ነው። የአንድ ልጅ "ተዉት" ማለት ከአንድ ሰዓት ስብከት ይልቅ ፈጥኖ ሊሠራ ይችላል። በአንጻሩም አይቶ ዝም ያለ ልጅ "እኔ ፈሪ ነኝ" የሚል ዕዳ ይዞ ያድጋል፤ እርሱም ለራሱ የሚሰጠው ክብር ይጎዳል።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37 የተጻፈው የዮሴፍ ታሪክ ሦስቱንም ወገኖች ይዟል። ዮሴፍ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረ። ጥላቻው በጉድጓዱ አልጀመረም፤ ወንድሞቹ በሰላም ሊያናግሩት ባለመቻላቸው ጀመረ። የአባቱ አድልዎ ነገሩን አባብሶታል። ሮቤልም ሊያድነው ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ፊት ለፊት "አይሆንም" ብሎ ከማስቆም ይልቅ በኋላ በስውር ሊያወጣው አሰበ። ተመልሶ ሲመጣ ጉድጓዱ ባዶ ነበረ። በየክፍሉ ያሉት ብዙ ሮቤሎች ሳይዘገዩ እንዲደርሱ ማስተማር የእኛ ፈንታ ነው።

በአካባቢያችን ያለው መልክ

ልጆች የሚሰድቡበትን ቃል አይፈጥሩትም፤ ከአዋቂው አንደበት ይወስዱታል። ይህን ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጀጎል በሮች አንዱን "ቡዳ በር" ብለን ስንጠራ ቃሉ ለጆሯችን የቦታ ስም ብቻ ሆኗል። ይኸው ቃል ግን በሀገራችን ለዘመናት ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ የተገለሉበት ቃል ነው። የእነርሱ ልጅ በክፍል ውስጥ በዚህ ቃል ሲጠራ የሚሰማው የበር ስም አይደለም።

ከሐረር ብዙ ሳይርቅ ያለው የቢሲዲሞ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከም የተቋቋመ ነው። የሥጋ ደዌ ዛሬ በመድኃኒት ፈጽሞ የሚድን በሽታ ነው። የበሽታው ስም ግን አሁንም ለስድብ ይውላል፤ ሕመሙ በዘመድ አዝማድ ውስጥ የነበረበት ልጅ ቃሉን በሰማ ቁጥር ይሸማቀቃል።

በ2010 ዓ.ም. መግቢያ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ በተከሠተው ግጭት የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች በሐረር አካባቢ፣ በሐማሬሳ መጠለያና በሌሎችም ስፍራዎች መጠጋታቸው ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ አዲስ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ የትምህርት ቤቱን ልብስ ሳይዝ፣ ከዕድሜው በታች በሆነ ክፍል፣ በሌላ አነጋገር ይቀመጣል። "ተፈናቃይ" የሚለው የመዝገብ ቃል በእኩያዎቹ አፍ የቅጽል ስም ሊሆንበት ይችላል።

ከዚህም ጋር የሃይማኖት ጉዳይ አለ። በከተማይቱ የክርስቲያንና የሙስሊም ልጆች በአንድ ወንበር ይማራሉ። በጾም ወራት የምሳ ሳሕኑ፣ በማዕተቡ ወይም በሒጃቡ፣ በሚበላውና በማይበላው ሥጋ ምክንያት የሚነሣ ቀልድ ወደ መናናቅ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሁለት ነገር እንዲጠነቀቁ እናሳስባለን። የመጀመሪያው፣ የሁለት ልጆችን ጠብ የሁለት ሃይማኖቶች ጠብ አድርጎ አለመስማትና አለማሰማት ነው። ሁለተኛው፣ የእኛ ልጅ አጥቂ በሆነ ጊዜ ጥፋቱን በወገንተኝነት አለመሸፈን ነው። ከሃይማኖቱ የተነሣ የተናቀ ሙስሊም ልጅ በእኛ ምእመናን ልጆች ተንቆ ከሆነ ጉዳዩ የአጥቢያው ጉዳይ ነው።

ክብር በምን ይመለሳል?

የተጎዳ ልጅ "አንተ ጎበዝ ነህ" ስለ ተባለ ብቻ አይድንም፤ ቃሉን አያምነውምና። አጥቂም ስለ ተቀጣ ብቻ አይመለስም። በሰልፍ ፊት ማንበርከክና መግረፍ ለአጥቂው የሚያስተምረው ትምህርት ቀድሞ የሚያውቀውን ነው፤ ይኸውም ኃይል ያለው ደካማውን ሊያዋርድ ይችላል የሚል ነው። የሀገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

የክብርን መመለስ ከቅዱስ ያሬድ ሕይወት ልንማረው እንችላለን። ግንቦት 11 ቀን የምናስበው ይህ ሊቅ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነገረው አባቱ በሞተ ጊዜ ለዘመዱ ለአባ ጌዴዎን ለትምህርት ተሰጠ። ትምህርቱ ግን አልገባው አለ፤ መምህሩም በቀጡት ጊዜ ሸሽቶ ሄደ። በመንገድ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ስትሞክር፣ ስትወድቅ፣ ደግማ ስትሞክር፣ በመጨረሻም ስትደርስ አየ። ተነሥቶም ወደ መምህሩ ተመለሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንሰብከው የትሏን ትዕግሥት ነው። የሚቀረን አንድ ነገር አለ። ያሬድ ሲመለስ በሩ ተዘግቶ አላገኘውም። መምህሩ ተቀበሉት፤ እንደገናም አስተማሩት። ልጁ ያስፈለጉት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ በራሱ ጥረት የሚሻገረው ሥራና ሲመለስ የሚቀበለው ሰው። ክብር የሚመለሰው በእነዚህ በሁለቱ ነው። ልጅ ለራሱ የሚሰጠው ክብር የሚጠገነው በስሙ በሚያውቀው አዋቂ ፊት፣ ለሌላው የሚጠቅም እውነተኛ ኃላፊነት ተሰጥቶት፣ ያንንም መወጣት እንደሚችል በዓይኑ ሲያይ ነው። ይህ ለተጠቂውም፣ ለአጥቂውም፣ ዝም ላለውም ይሠራል።

የካህናት ድርሻ

የንስሐ አባት በየቤቱ የመግባት ዕድል አለው፤ ይህን ያህል በር የተከፈተለት ሌላ ባለሙያ የለም። ስለዚህ የሚከተሉትን እንዲያስተውል ይገባል።

አንደኛ፣ ምልክቶችን መለየት ነው። ሳይታመሙ ትምህርት ቤት መቅረት፣ ጠዋት ጠዋት የራስና የሆድ ሕመም፣ የተቀደደ ልብስና የጠፋ ደብተር፣ ያለ ምክንያት የሚጠየቅ ገንዘብ፣ የእንቅልፍ መታወክ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት በድንገት መቅረት ሊስተዋሉ ይገባል።

ሁለተኛ፣ አጠያየቅ ነው። "ማን ነካህ?" ብሎ የሚጠየቅ ልጅ "ማንም" ይላል። "በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር ትሆናለህ? ወደ ቤትህ በየት በኩል ትሄዳለህ? በክፍላችሁ ብዙ ጊዜ የሚሳቅበት ልጅ አለ?" ቢባል ግን በር ይከፈታል። ልጁ ከተናገረ በኋላ "ስለ ነገርኸኝ መልካም አደረግህ፤ ጥፋቱ የአንተ አይደለም" ማለት የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። "አንተም ምታው" ወይም "ታገሥ" ብሎ መተው ሁለቱም ልጁን ብቻውን ያስቀሩታል። ትዕግሥት ራሱን ለማዳን ኃይል ላለው የሚሰበክ ነው፤ መውጫ ላጣ ልጅ አስቀድሞ መውጫ ይሰጠዋል።

ሦስተኛ፣ በዕርቅ አለመቸኮል ነው። ሽምግልና የሕዝባችን ትልቅ ሀብት ነው፤ ሁለት ባለጉዳዮች እኩል ቀርበው እኩል በሚናገሩበት ጊዜ ይሠራል። ጉልበተኝነት ግን በእኩሎች መካከል አይደለም። ሁለቱን ልጆች ወዲያው ፊት ለፊት አቁሞ "ተሳሳሙ" ማለት ተጠቂውን በአጥቂው ፊት ዳግመኛ ያስፈራዋል፤ በነጋታውም "ከሰስኸኝ" ተብሎ ይመታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። አስቀድሞ ጥቃቱ እንዲቆም ማድረግ፤ ቀጥሎ ሁለቱን ለየብቻ ማነጋገር፤ ከዚያ አጥቂው የወሰደውን እንዲመልስና የበደለውን እንዲክስ ማድረግ፤ በመጨረሻም ተጠቂው ፈቃደኛ ሲሆን ማስታረቅ ነው።

አራተኛ፣ ከኃይል በላይ የሆነውን ለባለሙያ ማስተላለፍ ነው። ልጁ "መኖር አልፈልግም" ቢል ወይም ራሱን ለመጉዳት እንዳሰበ ቢታወቅ ቃሉ እንደ ልጅ ንግግር አይታለፍ። ብቻውን አይተው፤ ወላጁ ይነገረው፤ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። በሐረር ለምሳሌ ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ። ጸበሉ ሕክምናውን አይከለክልም፤ ሕክምናውም ጸበሉን አያስቀርም። ጉዳዩ የአካል ጉዳትን ወይም የመድፈር ወንጀልን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ በሽምግልና አይያዝ፤ ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይቅረብ።

የሰበካ ጉባኤና የሰንበት ትምህርት ቤት ድርሻ

ሰበካ ጉባኤው ከየአጥቢያው አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በልጆች ዘንድ የታመኑና በምግባራቸው የተመሰከረላቸው ሰዎችን ይሰይም። ስማቸውና የሚገኙበት ሰዓት ለልጆቹ ይነገር። ችግር የገጠመው ልጅ ወደ ማን እንደሚሄድ ካላወቀ መልካም ፈቃዳችን አይጠቅመውም። ሁለቱ ተወካዮች ልጆችን የሚያነጋግሩት ሰው በሚያያቸው ስፍራ ይሁን፤ ይህ ለልጆቹም ለእነርሱም ጥበቃ ነው።

ከትምህርት ቤቶች ጋር ያለው ግንኙነት በክስ አይጀመር። ብዙ የአጥቢያው አባላት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ተሳታፊዎች ናቸው፤ በዚያ በኩል ጥያቄው በትሕትና ይቅረብ። ጥቃት ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው አዋቂ በሌለበት ሰዓትና ስፍራ ነው፤ በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት፣ በመጸዳጃ ቤት አካባቢ፣ በውኃ ቧንቧ ዙሪያ፣ በመመለሻ መንገድ። ልጆቹ ራሳቸው የሚፈሩትን ስፍራ በወረቀት ላይ እንዲያመለክቱ ቢደረግ በአንድ ከሰዓት ብዙ ይታወቃል። በመንገዱ ላይ ያሉ ባለሱቆች፣ በመኪና ግርግር የሚሠሩ ልብስ ሰፊዎች፣ የባጃጅ ነጂዎች ዓይናቸውን እንዲጥሉ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። በዚህም ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሽማግሌዎችና ከአፎቻ መሪዎች ጋር መመካከር ይቻላል፤ መንገዱም ልጆቹም የጋራ ናቸውና።

ሰንበት ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ራሱን ይመርምር። በመዝሙር ጥናት ድምፁ ያልሰመረለት ልጅ ይሳቅበታልን? የደብር ልብስ መግዣ ያጣች ልጅ ከኋላ ትሰለፋለችን? የአብነት ተማሪው በልብሱ ይናቃልን? ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያልወጣ ንቀት ከትምህርት ቤት ቅጥር እንዲወጣ መጠየቅ አይቻልም።

ኃላፊነትም ይሰጥ። ከበሮ መያዝ፣ የመጻሕፍት ቤቱን መዝገብ መጠበቅ፣ የችግኝ ውኃ ማጠጣት፣ ለታናናሾች ሒሳብ ማስጠናት የመሳሰሉት ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ማስተዋል ያስፈልጋል። ለተጎዳው ልጅ የሚሰጠው ሥራ የእዝነት መስሎ እንዳይታየው፣ ቢቀር የሚጎድል እውነተኛ ሥራ ይሁን። ለአጥቂው ልጅ የሚሰጠው ሥራ ደግሞ ታናናሾችን የሚያዝበት አይሁን፤ ጉልበቱ ለሌላው የሚውልበት፣ ለአረጋውያን ውኃ የሚያመላልስበትና ከአዋቂ ጎን ሆኖ የሚሠራበት ይሁን። ዝም ላሉት ደግሞ የሚቻላቸውን ማስተማር ይገባል። ሁሉም ልጅ በአጥቂ ፊት መቆም አይችልም። ከተጠቂው ጎን ሄዶ መቀመጥ፣ "ና አብረን እንሂድ" ማለት፣ አለመሳቅ፣ ለአዋቂ መንገር ግን የሚቻል ነው። ልጆች መንገርን ከማሳበቅ እንዲለዩ ይብራራላቸው፤ ማሳበቅ ሰውን ችግር ውስጥ ለማስገባት ነው፤ መንገር ሰውን ከችግር ለማውጣት ነው።

ማጠቃለያ

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1983 በመላ ሀገሪቱ ጉልበተኝነትን ለመከላከል የተነሣችው ሦስት ወንዶች ልጆች ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ ነበረ። የእኛ አጥቢያዎች ያን ያህል ዋጋ እስኪከፈል መጠበቅ የለባቸውም። የሚጠየቀው ትልቅ በጀት ወይም አዲስ ሕንፃ አይደለም። በዚህ ሩብ ዓመት እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ሁለቱን ተወካዮች ቢሰይም፣ እያንዳንዱ የንስሐ አባት በሚገባበት ቤት ያሉትን አዳጊዎች በስማቸው ጠርቶ ከላይ የተጻፉትን ጥያቄዎች ቢጠይቅ ሥራው ተጀምሯል። ብቻውን ዞሮ የሚሄደውን ልጅ ቀጥተኛው መንገድ ላይ የሚመልሰው ከጎኑ የሚሄድ ሰው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ልጆች ዘንድ ለስድብ የሚውሉት ቃላት የትኞቹ ናቸው? ከየት ሰሟቸው?

2. አንድ ልጅ ዛሬ ጥቃት ቢደርስበት ለማን ይናገራል? ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ልጆቹ ያውቃሉ?

3. በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሚገለሉ ልጆች አሉን? በምን ምክንያት?

4. አጥቂው የእኛ አጥቢያ ልጅ፣ ተጠቂው የሌላ እምነት ተከታይ ቢሆን ሰበካ ጉባኤያችን ምን ያደርጋል?

5. ከዚህ ቀደም በልጆች መካከል ያደረግናቸው ዕርቆች ጥቃቱን አስቁመዋልን? ቅደም ተከተሉ የተጠበቀ ነበርን?

6. በሚቀጥለው ወር ለሦስት አዳጊዎች ልንሰጣቸው የምንችላቸው፣ ቢቀሩ የሚጎድሉ ሥራዎች የትኞቹ ናቸው?